የፈሪ ፍጻሜ

ሐያሲው ቅዳሜ ጠዋት ፂሙን የሚላጨው ያለ መስታወት ነው። እህቱ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ በርጩማ ስባ ትቀመጥና በዚያው ጠዋት የወጣውን የእሱኑ ጽሑፍ ከርዕሱ ጀምራ እስከ ስሙ ድረስ ታነብለታለች፤ እሱ በግራ እጁ ጉንጩን እየዳበሰ፣ በቀኙ ምላጩን እያወረደ ይሰማል። ለማያውቅ ሰው ጥጋብ ይመስላል። ጥጋብ አይደለም፤ ሐያሲው ማየት ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ግራ ዓይኑ ሄደ፤ ቀኙ ደግሞ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ጠቦ ጠቦ አንድ ቀን ተዘጋ። ይህን የሚያውቁት ሐኪሙና እህቱ ብቻ ናቸው። በየሳምንቱ በፊልም ላይ የሚፈርደው፣ ዳይሬክተሮች ስሙን ሲሰሙ የኮታቸውን ቁልፍ የሚቆልፉለት ሰው ዓይነ ስውር ነው ብሎ የሚያወራ ቢገኝ፣ እብድ ተብሎ ይሳቅበት ነበር። ጋዜጣው ቢሰማ ግን አንድ ቀን አያሳድረውም። ያ ዓምድ ደግሞ ለሐያሲው መተዳደሪያው ብቻ አልነበረም፤ አሁንም ሰው ነኝ የሚያሰኘው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር የቀረው።

“ርዕሱን ድገሚው” አለ ምላጩን ከአገጩ ሥር አንሥቶ።

“የፈሪ ፍጻሜ።”

“ቀጥዪ።”

እህቱ ቀጠለች። ጽሑፉ የሚናገረው ‘ባለጥላው’ ስለተባለው ፊልም ነበር። ባለጥላው በሐያሲው የልጅነት ዘመን በአንድ የልጆች መጽሔት ጀርባ ላይ በየሳምንቱ በሥዕል ይወጣ የነበረ ልዕለ ጀግና ነው፤ ጥላውን እንደ ካባ አውልቆ ሰው ያድንበታል፣ ባዳነ ቁጥር ደግሞ ከራሱ ጉልበት ይቀነስበታል። “ሠዓሊው” ስትል አነበበች፣ “በመጨረሻው ዕትም ጀግናውን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከወገቡ በታች በድን አድርጎ፣ መስኮት ዳር አስቀምጦት ሄደ። ያዳናት ከተማ ከሥሩ ታልፋለች፤ አንድም ሰው ቀና ብሎ አያየውም። ጨካኝ ፍጻሜ ነበር፤ እውነት ግን ነበር። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ይህን ድፍረት ከየት ያምጡት? ጀግናውን ከወንበሩ አንሥተው፣ በመስኮት አውጥተው አበረሩት። ይህ ሕዝብን እንደ ሕፃን ቆጥሮ ከረሜላ ማደል ነው። አሁን ለቤት የወጣው ዲቪዲ ድምፁ እጅግ የጠራ ነው፤ ዝናቡ ከጀርባዬ የሚዘንብ መስሎኝ አንገቴን አዙሬ ነበር። ይሁንና ድምፁ ቢጠራም ውሸት ውሸት ነው። አትግዙት።”

“ከረሜላዋን አልቆረጧትም?”

“አልቆረጧትም፣ ጋሼ።”

“ጎበዝ ልጅ ነው አዘጋጁ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት” አለና እጁን ለፎጣ ዘረጋ። ፎጣውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ጋዜጣውንም አጠፈችው። ባለጥላው አልበረረም። ፊልሙ ውስጥ ባለጥላው ልክ እንደ መጽሔቱ መስኮት ዳር ተቀምጦ ነው የቀረው።

እንዴት እንደሚሠሩ ልናገር፤ አለበለዚያ በእሷ ለመፍረድ ይቸኮላል። ሐያሲው “ደረቴ የሲኒማ ቤቱን ብርድ አልቻለውም” ብሎ ለጋዜጣው ስለነገረ፣ ዓምዱ ቤት ተቀምጦ ስለሚታይ ፊልም ሆነ። ማክሰኞ ማክሰኞ ተላላኪው ዲስኩን በካኪ ፖስታ ያመጣል። ረቡዕ ከምሳ በኋላ እህቱ መጋረጃውን ትጋርዳለች፤ እሱ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ሪሞቱን ይዛ ከጉልበቱ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ትሆናለች። ድምፁን እሱ ራሱ ይፈርዳል፤ ጆሮው ከፉጨት መካከል የተበላሸ ማይክሮፎን ይለያል። ሥዕሉ የእሷ ነው። “አቁሚ” ሲላት ታቆማለች፤ ማን በግራ እንደቆመ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ የኮሌታው ቀለም ምን እንደሆነ ትነግረዋለች። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። “የምታይውን ንገሪኝ እንጂ የሚሰማሽን አትንገሪኝ። የሚሰማው የኔ ሥራ ነው” ይላታል። እሷም ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ነበረች፤ ሃያ ሁለት ዓመት የመሬት መዝገብ ቤት ታይፒስት ሆና አለቆች የተናገሩትን አንዲት ፊደል ሳትጨምር ስትመታ ኖራለች። ጡረታ ሳይደርስላት ሥራዋን የተወችው ለእሱ ነው። ስለዚህ ነገር በቤቱ ውስጥ ተወርቶ አያውቅም፤ አመሰግናለሁም አልተባለ፣ ቆጨኝም አልተባለ፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ሁለቱም በየፊናቸው ውጠውታል።

ያለፈው ረቡዕ ግን እንደ ሌላው ረቡዕ አልነበረም። ሰኞ ዕለት ሐያሲው ብቻውን ዳቦ ሊገዛ ብሎ ወጥቶ ደረጃው ላይ ወድቆ ጉልበቱ አብጦ ነበር፤ ሁለቱን ቀን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲውል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረው፤ “እንደ ዕቃ ተቀመጥኩ” ብሎ። ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ሙዚቃው ከፍ አለ፣ መስኮት ሲከፈት ተሰማ፣ ነፋስ ነፈሰ። ስክሪኑ ላይ ጀግናው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አፉን ገጥሞ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። “አቁሚ” አላት ሐያሲው። “አሁንስ? ከወንበሩ ላይ ነው?” ቀና ብላ አየችው። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ነበሩ። “ተነሣ” አለች። ቃሉ እንዴት እንደወጣ እሷም አታውቅም። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ካስነሣችው መውጣት አለበት፣ ከወጣ መብረር አለበት። ደስ ይለዋል ብላ ነው። እሱ ግን ወንበሩን በጡጫው መታና “ፈሪዎች!” አለ። ያን ቀን ማታውኑ አጻፋት፤ ሁለት ጊዜም አስደግሞ አስነበባት። በመካከል አንድ ጊዜ “ጋሼ፣ ሌላ ሰው ግን እንደዚህ ላያየው ይችላል” ብላው ነበር። “ሌላ ሰው ሐያሲ አይደለማ” ብሎ መለሰላት። ደግሞስ ሲኒማ ቤት የሚገባው ጎረምሳ ጋዜጣ አያነብም ብላ ራሷን አጽናናች። ይህ የመጀመሪያ ውሸቷም አልነበረም። ባለፈው ክረምት ሳሎን መሬት ላይ የሞተችውን የፊልም እናት አልጋ ላይ አስተኝታታለች፤ አንዴም የተቃጠለ ቤት አድናለች። እነዚያን ማንም አልነቃባቸውም፤ ሐያሲውም በሁለቱም ፊልሞች ላይ ጥሩ ጥሩ ነገር ጽፎባቸዋል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። ዋና አዘጋጁ ነበር። ሐያሲው ተቀብሎ ሲያወራ እህቱ ወጥ ቤት ሆና የብርጭቆ ማጠቢያውን ውሃ ዘጋች። “እሺ… ማን ነው የሚለው?… ይምጣ፣ ምን አገባኝ… አይ፣ አይ፣ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ባየሁት ነገር ላይ ከነጋዴ ጋር ፊት ለፊት ብቀመጥ ምን ይለኛል?” ስልኩን ዘጋና ጫማውን ጠየቀ። የዲቪዲው አከፋፋይ ጋዜጣውን ይዞ ቢሮ ድረስ መጥቶ ይጮኻል አሉ፤ ሐያሲው ፊልሙን አላየውም ይላል። “አላየውም አለ!” ብሎ ሐያሲው ሳቀ። ሳቁ ደስ የሚል ነበር፤ ከወደቀ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

“ጋሼ፣ ጉልበትህ አልዳነም። ዛሬ ይቅር፤ ሰኞ ትሄዳለህ።”

“ሰኞማ ‘ፈርቶ ነው’ ይባላል። ኮቴን አምጪ።”

ያኔ ብትነግረው ኖሮ ነገሩ እዚያው ሁለቱ ዘንድ ይቀር ነበር። አፏን ከፍታም ነበር። ነገር ግን ክራባቱን እያሰረ “እህት ዓለም፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?” አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችውን ቃል በሰማችበት ደቂቃ ‘ዋሽቼሃለሁ’ እንድትለው የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ እሱ ይንገራት። እሷ ኮቱን አምጥታ አለበሰችው።

የጋዜጣው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አርባ አራት ደረጃ። ሐያሲው ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ክርኗን ይይዛል፤ ሰው ሲያይ ግን እሱ እሷን የደገፈ ይመስላል፤ “እህቴ ልቧን ያማታል” ይላል በሩ ላይ ላለው ዘበኛ፣ ዘበኛውም ለእሷ ያዝናል። ለደረጃ አንድ ሳል አላቸው፣ ለበር ሁለት፣ ከፊት ሰው ካለ ደግሞ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ዋና አዘጋጁ ከበሩ ድረስ መጥቶ ተቀበላቸው፤ በአንድ ወቅት ሐያሲው አጠገብ ቁጭ ብሎ አርእስት ማውጣት የተማረ፣ አሁን ግን ፀጉሩ መሣሣት የጀመረ ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ የአሮጌ ወረቀትና የትኩስ ሻይ ሽታ ነበር። ጥግ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ የዲቪዲ ማጫወቻ፣ ጠረጴዛው ላይ ከነሽፋናቸው የተደረደሩ ዲስኮች። አከፋፋዩ ቆሞ ነበር፤ ወፍራም፣ ላብ የሚያጠቃው፣ ቀለበቱን የሚያሽከረክር ሰውዬ።

“እስከ አራት ሰዓት ብቻ ሰባት ሱቅ ደውሎልኛል” አለ ገና ሳይቀመጡ። “አንዱ ዲስክ በሦስት ቀን የታክሲ ሂሳብ ነው የሚሸጠው። ሰዉ ‘መጨረሻውን አበላሽተውታል አሉ’ እያለ ይመልሳል። መጨረሻው እኮ እንደ መጽሔቱ ነው! ሲኒማ ቤት ያየው ሁሉ ያውቃል!”

“እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት” አለ ሐያሲው።

ዋና አዘጋጁ መሐል ገባ። ለእሱ ክብር የሚሆን ነገር ማድረጉ አይካድም፤ የሚወጡበትን በር ከፍቶላቸው ነበር። “ጋሼ፣ ምናልባት የላክንልዎ ዲስክ ሌላ ቅጂ ይሆን እንዴ? አንዳንዴ ሁለት ዓይነት ፍጻሜ ያለው ይወጣል። እንደዚያ ከሆነ አጭር ማስተካከያ እንጽፍና ያልቃል።”

እህቱ “አዎ፣ ሌላ ቅጂ ነው” ልትል ወደ ፊት ዘንበል አለች። ሐያሲው ቀደማት። “ሌላ ቅጂ የለም። ዲስኩ ይህ ነው፤ ባለጥላው ይነሣል፣ ይበራል። ክፈተውና ይታይ።” ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ ማንም ‘ተሳስተሃል’ ብሎት አያውቅም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ በስተኋላው የሚባለውንም አልሰማም። የዋህነቱ ያኔ የእህቱን አንጀት በላው።

ዲስኩ ገባ። ወደ መጨረሻው ምዕራፍ አሳለፉት። ያው ሙዚቃ፣ ያው የመስኮት ድምፅ፣ ያው ነፋስ። ለእህቱ ወንበር የሰጧት ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበር፤ ሐያሲው ፊት ለፊት፣ እግሩን አነባብሮ፣ አገጩን ወደ ድምፁ አቅንቶ ተቀምጧል። ሳለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። እንደገና ሳለች። እሱ በትንሹ ዘወር አለና ሰው ገባ ብሎ ፈገግ አለ። ለደረጃ ሳል ነበራቸው፣ ለበር ሳል ነበራቸው፤ ለዚህ ግን ምንም አላዘጋጁም።

ዋና አዘጋጁ ሥዕሉን አቆመው። ነፋሱ ተቋረጠ።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… እዚህ ላይ የሚታየው ምንድን ነው?”

“ሰው ነዋ!” አለ ሐያሲው። “የሚበር ሰው። በዓይንህ ፊት ያለውን እኔ ልንገርህ እንዴ?”

ስክሪኑ ላይ ባለጥላው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አከፋፋዩ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠና መነጽሩን አየ፣ የወንበሩን ክንድ የጨበጠውን እጅ አየ፣ ዘወር ብሎ እህቱን አየ። የገበያ ሰው ነውና ቶሎ ገባው። ለዋና አዘጋጁ በጣቱ ወደ ዓይኑ አመለከተው። ዋና አዘጋጁ መጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ፣ አይሆንም እንደ ማለት። ከዚያ ሪሞቱን አነሣና፣ ምንም ሳይናገር፣ ቴሌቪዥኑን ድርግም አድርጎ አጠፋው። ጥቁር መስታወት ሆነ።

“አሁንስ፣ ጋሼ?” አለ ቀስ ብሎ።

“ምን አሁንስ አለው? ያው ነው። እየበረረ ነው። ልጄ፣ ምን ሆነሃል ዛሬ?”

ከሥር በኩል የጎዳናው መኪና ድምፅ ይመጣ ነበር። እኔ ብዙ ጭካኔ አይቻለሁ፤ ሰውን ያለ ዱላ መምታት ግን እንደዚያ ያለ አላየሁም፤ መቺውም ቢሆን ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። ሐያሲው ዝምታውን አዳመጠው። ድምፅ የሚፈርድ ጆሮ ነበረውና ዝምታውም ነገረው። እግሩን ካነባበረበት አወረደ።

“እህት ዓለም?”

“ተዘግቷል፣ ጋሼ” አለች ከኋላ። “ቴሌቪዥኑ ተዘግቷል።”

“ከመዘጋቱ በፊትስ?”

“ወንበር ላይ ነበር።”

“ማን?”

“ሰውዬው። አልተነሣም፣ ጋሼ። ቀድሞም አልተነሣም።”

ኮሪደሩ ላይ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ “ትንሽ ይጠብቁ” ተባሉ። ከበሩ ጀርባ የኮምፒውተር ቁልፎች መንጫጫት ጀመሩ። አሮጌ ታይፒስት ናትና ከድምፁ ደብዳቤው አጭር እንደሆነ አወቀች፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጸሐፊዋ ቆም አለች፣ አጠፋችና እንደገና መታችው። ጸሐፊዋ ወጥታ ፖስታውን “በእጅዎ እንዲደርስ ነው የተባለው” ብላ ሰጠችው፤ መዳፉን ፈልጋ፣ እንደ ሕፃን ጣቶቹን አጥፋለት። እንዲህ ያለው እንክብካቤ ከስድብ ይብሳል። ዋና አዘጋጁ አልወጣም። ደረጃውን ሲወርዱ እህቱ ለእያንዳንዱ ዙር መሳሏን አልተወችም፤ ዘበኛው “እግዜር ይማርሽ፣ እናቴ” አላት።

በታክሲው ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ለአራት ተጣበቁ። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቅ ሐያሲው የያዘውን ሳንቲም መዳፉ ላይ ዘርግቶ “አንተ ቁጠረው” አለው እንጂ ለእህቱ አልሰጣትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘቡን የምትቆጥርለት እሷ ነበረች። ረዳቱ የሚገባውን ወሰደና የቀረውን መለሰለት፤ እህቱ አይታለች፣ በትክክል ነው የወሰደው። ሐያሲው ግን ሳንቲሞቹን ደጋግሞ በአውራ ጣቱ ሲዳብሳቸው ቆየ። ከመስኮቱ ውጭ የቅዳሜ ሰው ይተረማመሳል፤ አንዲት ሴት ፍራሽ ተሸክማ መንገድ ታቋርጣለች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ትነግረው ነበር፣ እሱም “ፍራሹ ባለ መስመር ነው?” ይላት ነበር።

ቤት ሲገቡ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነበር። ጥቁር መነጽሩን ብቻ አውጥቶ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሻይ አፍልታ አጠገቡ አስቀመጠችለት፤ አልነካውም።

“ሌሎቹስ?” አለ በመጨረሻ።

“ሁለት ናቸው፤ ከዚህኛው ጋር ሦስት። እናትየዋ አልጋ ላይ አልሞተችም። ቤቱም ተቃጥሏል። ሌላው ሁሉ እውነት ነው።”

“ሌላው ሁሉ እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?”

ሻዩን ወደ እጁ ጠጋ አደረገችለት። “ለምን?” አላላትም፤ ቢላት ኖሮ ታለቅስ ነበር፤ ምናልባት ያን ፈርቶ ይሆናል። ደረት ኪሱ ውስጥ ገብቶ ፖስታውን አወጣና ዘረጋላት።

“አንብቢው። እንደተጻፈው። አንዲት ፊደል እንዳትነኪ።”

ፖስታውን ቀደደችው። ወረቀቱ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ቆማ አነበበችው፤ ድምፅዋም አልተንቀጠቀጠም፤ ከመሬት መዝገብ ቤት ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብላ አላነበበችም። “ከዛሬ ጀምሮ ዓምድዎ ተቋርጧል። ላለፉት ዓመታት ያላዩትን ፊልም እንዳዩ አድርገው በመጻፍ ጋዜጣውንና አንባቢዎቹን አታለዋል። ዝግጅት ክፍሉ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዕትም የሐያሲውን ማየት አለመቻል ለአንባቢ አሳውቆ፣ በስምዎ ለወጡት ጽሑፎች በሙሉ ይቅርታ ይጠይቃል። ከሰላምታ ጋር።”

“አለቀ?”

“አለቀ፣ ጋሼ።”

እጁን ዘረጋ፤ ወረቀቱን ሰጠችው። ተነሣ። ጠረጴዛውን በዳሌው ነካው፣ በሩን አገኘ፣ ከፈተው። ከኮሪደሩ ማዶ የምትኖረው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። ሐያሲው ከእሷ ጋር ሰላምታ ካቆመ ቆይቷል፤ የስፌት መኪናዋ በፊልሙ ድምፅ ላይ ይጮኽብኛል ብሎ ለአከራዩ ከሷት፣ ሴትዮዋ ረቡዕ ከሰዓት ሥራ እንድታቆም ተደርጋ ነበር። ቂሟን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ግን ጨርቅ ስታራግፍ ሁልጊዜ ወደ እነሱ በር ነው። ሐያሲው ግድግዳውን እየዳበሰ ተሻገረና አንኳኳ። መኪናው ቆመ።

“ማነው? ውይ! ጋሼ!” አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌ ከንፈሯ ላይ ይዛ። መነጽር አልነበረውም፤ ዓይኖቹን አየች።

“ይቅርታሽን፤ እቺን ወረቀት አንብቢልኝ። ዓይኔ… ዓይኔ አያይም” አለ። ይህን ቃል ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

እህቱ በራቸው ላይ ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካችና ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘነበለች። መጀመሪያ በዓይኗ አነበበችው፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ በወረቀቱ በላይ ሰውየውን አየችው፤ ክራባቱ ወደ ጎን ዞሯል፣ አንድ እጁ ግድግዳውን አልለቀቀም። ይህች ሴት ልትበቀል ብትፈልግ ከዚያች ደቂቃ የተሻለ አታገኝም።

“ከዛሬ ጀምሮ ዓምድዎ ተቋርጧል” ብላ አነበበች ጮክ ብላ። “ዝግጅት ክፍሉ… እ… ላበረከቱት የረጅም ዘመን አገልግሎት ከልብ እያመሰገነ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይመኝልዎታል። ከሰላምታ ጋር።”

“ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው። ጥሩ ደብዳቤ ነው፣ ጋሼ።”

“ይቅርታ ምናምን የሚል የለበትም? አታለሃል የሚል?”

“የምን ይቅርታ? ኧረ የለበትም!” አለች ልብስ ሰፊዋ። በትከሻው በላይ እህቱን አየቻትና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ዝም በይ፣ እንደ ማለት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሐያሲው ተመልሶ ገባ፤ በሩን ከኋላው ዘጋው። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ ድምፅዋን እየጠበቀ እህቱ ወደቆመችበት ዞረ።

“አመስግነውኛል” አለ። “ረጅም ዕድሜ ተመኝተውልኛል። አንቺ ግን ምስጋናውን አውጥተሽ ስድብ አስገባሽበት።”

እህቱ የቀዘቀዘውን ሻይ አነሣች።

“የፊልሙስ እሺ፤ ‘ልዘንለት’ ብለሽ ይሆናል። ይሄኛውን ግን በምን አንጀትሽ? ምን አድርጌሽ ነው? ያ ሁሉ ቃል፣ ‘አታለዋል’፣ ‘ማየት አለመቻል’፣ ከራስሽ ነው ያመጣሽው?”

ማዶ የልብስ ሰፊዋ መኪና እንደገና ጀመረ። ወረቀቱ በእጁ ነበር፤ ተቀብላው ‘ጋሼ፣ ሌላ ሦስተኛ ሰው ይጠራ’ ማለት ትችል ነበር። ሦስተኛውም ሰው ዓይን አለው፣ ያው እሱን እያየ ነው የሚያነበው። ደግሞ እውነቱ ቢረጋገጥለት ምን ይተርፈዋል? ምስጋናው ይጠፋበታል፤ እሷም የተሰጣትን እምነት መልሳ አታገኘውም፤ ጠዋት ክራባት ሲያስር የተናገረው ቃል እንደሆነ አንዴ ተበላሽቷል። ፊቱ ላይ ከንዴቱ ሥር ትንሽ የመጽናናት ነገር ነበር፤ እሷ ታየዋለች፣ እሱ ራሱ አያውቀውም።

“አዎ፣ ጋሼ” አለች። “ከራሴ ነው።”

ሐያሲው ራሱን ነቀነቀ፤ ሲጠረጥር የቆየውን ነገር እንደተነገረው ሰው። ደብዳቤውን አራት ቦታ አጠፈና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

“እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ የሚነበብ ነገር ለማዶዋ ነው የምሰጠው” አለ። “ሰው ናት። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ጋዜጣም ግዢና ለእሷ ስጫት፤ በእኔ ቦታ ማን እንደተተካ ታንብብልኝ።”

“እሺ” አለች እህቱ።